ፎርማት ወይስ ክሎን? ያረጀ ኮምፒውተርን ወደ አዲስ ዲስክ ስናዛውር

ዘመዴ ከዘጌ በጀልባ ስትሻገር ላፕቶፗን በሁለት ፌስታል ጠቅልላ ነበር። ጠብታ ውኃ አልነካውም። ችግሩ ሌላ ነው። "ከፍቼው ቡና ላፈላ እሄዳለሁ" አለችኝ፤ "ቶናው ሲደርስ እሱም ይደርሳል።" የምታጋንን መስሎኝ ነበር። እኔ ቤት ከፈትነውና ሰዓት ያዝንለት። ማውዙ እስኪታዘዝ ዘጠኝ ደቂቃ ሄደ።

ማሽኑ በ2006 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ፋይቭ፣ ራሙ 4 ጊጋ። ለጽሑፍ፣ ለሒሳብና ለቴሌግራም ይበቃል። ጎታቹ ውስጡ ያለው የሚሽከረከር 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ያሳየችው አንዱ ባለሙያ "ፎርማት ይደረግ" ብሏታል፤ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውሱ ከባዶ ይጫን ማለቱ ነው። ሌላው "አለቀለት፣ አዲስ ግዢ" ብሏታል። ዲስኩን ብቻ ለውጦ ዊንዶውሱን ከነፕሮግራሙ፣ ከነፋይሉ ማዛወር፣ ክሎን ማድረግ የሚባለው፣ እንደሚቻል የነገራት የለም።

እኛ ጋ ፎርማት ለራስ ምታቱም ለሆድ ቁርጠቱም የሚታዘዝ ክኒን ሆኗል። እኔም አንድ ጊዜ ውጬዋለሁ። ከዓመታት በፊት ዴስክቶፔን ለአንድ ጥገና ቤት ሰጠሁ። "ዲ ላይ ያለው አይነካም፣ አታስብ" ተባልኩ። እውነትም ዲ አልተነካም። የጠፋው ዴስክቶፑ ላይ የተውኩት ነው። ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስና ዶክመንትስ የሚባሉት ሁሉ ዊንዶውሱ ባለበት፣ ፎርማት በሚደረገው ሲ ላይ እንደሚቀመጡ ያን ቀን ተማርኩ። የሁለት ዓመት ፎቶ አብሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ "በምን ፕሮግራም?" ከሚለው አልጀምርም። ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ነው ወይ? ላዩ ላይ ያለው ነገርስ እንደገና ሊጫን የሚችል ነው ወይ? ክሎንም ሆነ ፎርማት የሚመረጠው በእነዚህ መልስ ነው።

ዲስኩ ደክሟል ወይስ ታሟል?

የደከመ ዲስክ ቀስ ብሎም ቢሆን ያነባል። የታመመ ዲስክ እያነበበ ሊሞት ይችላል። ለመለየት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ትንሽ ነው፤ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራ ዓይነትም አለው። ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው። ቢጫ ካሳየ ያሰጋል። ቀይ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ፋይላችሁን አውጡ።

ቀለሙን ብቻ ግን አትመኑ። ከታች ካለው ዝርዝር ውስጥ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚል ቁጥር ያላቸውን መስመሮች እዩ። 05 የሚቆጥረው ዲስኩ ተበላሽተውበት በመጠባበቂያ የተካቸውን ቦታዎች ነው። ሲ5 አልነበብ ብለው በጥርጣሬ የተያዙትን ይቆጥራል። ሲ6 ደግሞ ጭራሽ እምቢ ያሉትን። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ክሎን ለማድረግ አትፍሩ። ሲ5 ላይ ቁጥር ካለ ግን ተራ ክሎን ወይ መሃል ላይ ይቆማል፣ ወይ አንድ ቦታ ላይ ለሰዓታት ሲሟዘዝ ይውላል።

ጆሮም ይመረምራል። "ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ" እያለ የሚደጋግም ዲስክ ማንበቢያው ጭንቅላት ቦታውን መያዝ አቅቶታል። እንዲህ ያለውን ደጋግሞ ማብራት ማባባስ ነው። አንድ የፖሊ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ ያለ ዲስክ ይዞ መጥቶ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ውስጡ ነው። ጓደኞቹ "ቼክ ዲስክ" አስነስተውበት ሲሠራ አድሯል። ይሄ ለታመመ ዲስክ ስሕተት ነው። ቼክ ዲስክ ዓላማው የፋይል መዝገቡን ማስተካከል እንጂ ፋይላችሁን ማዳን አይደለም፤ ለማስተካከል ሲልም እዚያው በሽተኛው ላይ ይጽፋል።

ለእንዲህ ያለው የሚሻለው ዲዲሬስኪው ነው። ሊኑክስ ከሚባለው፣ በዊንዶውስ ምትክ ኮምፒውተር ከሚያስነሳው ሲስተም ፍላሽ ላይ የሚነሳ ነጻ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይለቅማል። ያስቸገረውን ዘሎ ያልፈዋል። መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይታገለዋል። የደረሰበትን በማስታወሻ ፋይል ስለሚይዝ መብራት ቢሄድ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። የልጁ ጽሑፍ ወጣ። የላቦራቶሪ ፎቶዎቹ ግማሽ ያህሉ አልወጡም።

ስለዚህ ዲስኩ ታሞ ከሆነ ክርክሩ እዚህ ያበቃል። ፋይል ማውጣት ይቀድማል። ዊንዶውሱ አዲሱ ዲስክ ላይ ከባዶ ይጫናል። ከታመመ ዲስክ የተገለበጠ ዊንዶውስ ቢነሳም ቁስሉን ይዞ ነው የሚነሳው።

በነገራችን ላይ፣ "ዲስክ የሚገድለው የከተማችን ከፍታ ነው" ሲባል እሰማለሁ። መነሻ የሌለው ወሬ አይደለም። የሃርድ ዲስክ ጭንቅላት በስስ የአየር ትራስ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሄደው፤ አየር ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ግን አምራቾች በአብዛኛው እስከ 3000 ሜትር ገደማ ይፈቅዳሉ። ጣና ያለው 1800 ሜትር አካባቢ ነው። ዲስካችንን የሚጨርሰው ሳይጠፋ ተከድኖ ባጃጅ ላይ የሚንገጫገጭ ላፕቶፕና ድንገት የሚሄድ መብራት ነው።

የትኛውን ዲስክ?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ኤስኤስዲ ግዙ፤ የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ፋይሉን ቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ፋይል ፍለጋ ጭንቅላቱን አንቀሳቅሶ፣ ሳህኑ ዞሮ እስኪመጣ ጠብቆ፣ ከ15 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ 0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ስለሆነ ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 550 ሜጋባይት በሰከንድ የሚለው ያን ያህል አያስጨንቃችሁ። የድሮ ማሽን ዲስኩ የሚሰካበት መስመር፣ ሳታ የሚባለው፣ የቆየው ሳታ 2 ከሆነ ግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚያገኘው፤ እንዲያም ሆኖ ፍጥነቱ ያስገርማችኋል።

ለድሮ ላፕቶፕ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንቹ ሳታ ነው። ኤምዶትቱ የሚባለውን ቀጭኑን ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑን ከፍታችሁ ማስገቢያው መኖሩን እዩ። ማስገቢያው ኖሮ እንኳ ሳታ ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል። ከእ.ኤ.አ. 2015 በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ኤንቪኤምኢ ከሚባለው ከሳታ የፈጠነ ዓይነት ዲስክ ላይ መነሳት አይችሉም። ውፍረትም አለ። የድሮው ዲስክ 9.5 ሚሊሜትር፣ አዲሱ 7 ሊሆን ይችላል። ክፍተቱን በምትሞላ የፕላስቲክ ፍሬም ትይዙታላችሁ። እሷ ከሌለች ታጥፎ የተለጠፈ ካርቶንም አይቻለሁ፤ ሠርቷል።

"ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል" የሚለውን ስጋት በቁጥር እንየው። ሳምሰንግ ለ870 ኢቮ ባለ 250 ጊጋው ኤስኤስዲ የሰጠው ዋስትና አምስት ዓመት ወይም 150 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይይዛል። በቀን 20 ጊጋ ብትጽፉበት 150 ቴራባይቱ የሚሞላው በሃያ ዓመት ነው። ያኔ ላፕቶፑም እኛም የት እንደምንሆን እንጃ።

የሚያሰጋው ሐሰተኛው ነው። ዋጋው በጣም ረክሶ "2 ቴራ" የሚል የተጻፈበት ነገር ካያችሁ ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ 2 ቴራ ነው ብሎ ያምናል፤ ሲሞላ ግን የጻፋችሁትን ይበላዋል። ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ገንዘቡን ሳትከፍሉ ባትችሉ እንኳ ፋይላችሁን ሳታሳፍሩበት ፈትሹት።

ክሎን፤ ቤቱን ከነዕቃው

ክሎን ማለት አሮጌውን ዲስክ ከነዊንዶውሱ፣ ከነፕሮግራሙ፣ ከነፓስወርዱ ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው። ሲጨርስ ዲስኩን ትለውጣላችሁ፤ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ ሳይቀር እዚያው ነው።

የዘመዴ ጉዳይ የክሎን ጉዳይ ነበር። የቡና ንግዷን ሒሳብ የምትይዘው በፒችትሪ ነው። የጫነላት ልጅ አዲስ አበባ ገብቷል። ሲዲው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ፎርማት ቢደረግ ፋይሏ ቢተርፍ እንኳ የሚከፍተው አይኖርም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ያለበት ኮምፒውተር ሁሉ፣ ዲስኩ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ፣ የእኔ ፍርድ ክሎን ነው። አላመነታም።

የሚያስፈልገው ከዩኤስቢ ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድ ነው። ለ2.5 ኢንች ዲስክ ኃይሉን ከዩኤስቢው ይወስዳል። ዴስክቶፕ ከሆነ ገመዱም አያስፈልግም፤ ሁለተኛው የሳታ ቀዳዳ ላይ ትሰኩታላችሁ። ጊዜውን አስሉት። 170 ጊጋ የያዘ ዲስክ በሰከንድ 80 ሜጋባይት ቢነበብ 35 ደቂቃ ነው። ዩኤስቢው የድሮው 2.0 ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል። ሰማያዊ ዩኤስቢ ቀዳዳ ካለ እሱን ተጠቀሙ።

ፕሮግራሙስ? ማክሪየም ሪፍሌክት ለዓመታት የሁሉም ምርጫ ነበር፤ ነጻው ዓይነት ግን ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ጀምሮ ቆሟል። አሁን ያለው የ30 ቀን መሞከሪያ ነው። ለአንድ ጊዜ ሥራ ይበቃል። ሳምሰንግ ኤስኤስዲ ከገዛችሁ የራሱ የማዛወሪያ ፕሮግራም አለው፤ ወደ ሳምሰንግ ብቻ ነው የሚገለብጠው። ክሩሻልና ደብልዩዲ ለደንበኞቻቸው የአክሮኒስን ዓይነት በነጻ ይሰጡ ነበር፤ የዲስኩን ካርቶን አትጣሉ። ክሎንዚላ ከታይዋን የመጣ ሙሉ በሙሉ ነጻ መሣሪያ ነው። ከፍላሽ ይነሳል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ያረጀ ማሽን ላይም ይሠራል። ገጽታው ግን ያስፈራል። ሬስኪውዚላ ያንኑ ሥራ በማውዝ የሚያሠራ ስለሆነ ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ።

ክሎንዚላ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ የዲስኩ መጠን ነው። አዲሱ ከአሮጌው እኩል ወይም የሚበልጥ እንዲሆን ይፈልጋል። 480 ከ500 ያንሳል! ሃያ ጊጋ ናት፤ ግን እምቢ ይላል። 500 ያለው ሰው 500 ወይም 512 ቢገዛ ራሱን ከብዙ ጣጣ ያድናል። 240 መግዛት ግድ ከሆነ ፊልሙን ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ፤ ከዚያ እያሳነሰ የሚገለብጥ ሌላ ፕሮግራም ተጠቀሙ።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች። ከፍላሽ ከመነሳታችሁ በፊት ሺፍትን ይዛችሁ ሻትዳውን አድርጉት። ዊንዶውስ 10 በተለምዶ ሲዘጋ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው፣ እንቅልፋም ዲስክ ደግሞ በወጉ አይገለበጥም። ቢትሎከር የሚባለው ቁልፍ ካለበት መጀመሪያ አቁሙት፤ መክፈቻ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጻፉ።

እና ትልቁ ነገር፦ ከየት ወደ የት እንደምትገለብጡ ሦስት ጊዜ አንብቡ። ምንጩንና መድረሻውን ካምታታችሁ ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ትገለብጣላችሁ። የሚቀለበስ ነገር አይደለም። እኔ ሁልጊዜ የዲስኩን የምርት ስምና ቁጥር ከላዩ ላይ ካለው ወረቀት ጋር አስተያያለሁ። ሁለቱም 500 ሲሆኑ በመጠን መለየት አይቻልማ።

ከባዶ መጫን፤ ንጹሕ ቤት፣ የጠፋ ዕቃ

ከባዶ መጫን መጥፎ ነው አላልኩም። ቫይረስ የወረረው፣ ማን እንደጫናቸው የማይታወቁ አሥር ነገሮች አብረውት የሚነሱ ኮምፒውተር ክሎን ቢደረግ ቆሻሻውም አብሮ ይዛወራል። ፍጥነቱን የሚሰጠው ኤስኤስዲው ነው፤ ንጽሕናውን የሚሰጠው ግን አዲስ ጭነት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ብራውዘር፣ ኦፊስና ፊልም ብቻ ከሆነ ከባዶ ጫኑ። ግማሽ ቀን ይወስድባችኋል፤ ይገባዋል።

ዊንዶውስ 10 በሕጋዊ መንገድ ነቅቶ ከነበረ ቁልፍ ቁጥር አይጠይቃችሁም። ፈቃዱ የተያያዘው ከማዘርቦርዱ ጋር እንጂ ከዲስኩ ጋር ስላልሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይነቃል። የመጫኛውን ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ ራሳችሁ አውርዱት። 5 ጊጋ ገደማ ነው። በሞባይል ዳታ ይጎዳል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ በሌሊት ማውረድ ነው። ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ላይ ያለ "ክራክ የተደረገ" ዊንዶውስ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። የዋይፋዩንና የኔትወርክ ገመዱን ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ እነሱን እንዲያሠራ የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። አለበለዚያ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር፣ ድራይቨሩን ለማግኘት ኢንተርኔት ትፈልጋላችሁ።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ግን ከሁሉ የሚብሰው የፊደል ጉዳይ ነው። ይሄን በየትኛውም የውጭ መመሪያ ላይ አታገኙትም።

ፔዳ ግቢ አካባቢ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ባለቤቱ ጋሼ የምለው ሰው ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት የተተየበ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። አንድ ቀን ፎርማት ተደርጎ መጣለት። ፋይሎቹ አሉ፤ ሲከፈቱ ግን የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ትርምስምስ ነው። ደነገጠ። "ቫይረስ በላው" አለኝ።

ቫይረስ አልነበረም። ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ ከሚሰጠው ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፕሮግራሞች፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት፣ የአማርኛውን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው። "ሀ" ሆኖ የሚታየው ያ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ስላለ ብቻ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ አማርኛውም ይጠፋል። ከአንድ ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱን አግኝተን መለስነው፤ ደንቡም ውሉም ተመልሰው አማርኛ ሆኑ።

አዲሶቹ የዩኒኮድ ጽሑፎች እንዲህ አይጠፉም። ግን መልካቸው ሊቀየር ይችላል። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ከተጨማሪ ፎንቶች ጋር ለብቻው የሚጨመር ሆኗል። ከባዶ ስትጭኑ ኢብሪማ ይተካዋል። የመስመሩ ርዝመት ስለሚለያይ አንድ ገጽ ላይ ያለቀው ደብዳቤ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይፈስሳል። ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ይዛባል። ከሴቲንግ ውስጥ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን ስትጨምሩ ይስተካከላል።

ስለዚህ ከባዶ ከመጫናችሁ በፊት ፋይላችሁን ብቻ አትገልብጡ። ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ውስጥ፣ ፎንትስ የሚለውን ማኅደር በሙሉ ገልብጡ። የፓወር ግዕዝ መጫኛችሁን ፈልጉ። ፒችትሪ ካለ ፋይሉን በእጅ ከመገልበጥ ይልቅ ከራሱ ባክአፕ የሚለውን አስነሱት። ቴሌግራም ያወረደውን ዳውንሎድስ ውስጥ እዩ። ብራውዘሩ የያዘውን ፓስወርድ አውጡ። ይሄን ዝርዝር ስታዩ ክሎን ለምን እንደሚያጓጓኝ ይገባችኋል።

ኢሜጅ የሚባለው ሦስተኛው መንገድ

ኢሜጅ ክሎን ነው፤ ግን በቀጥታ አይገለብጥም። ዲስኩን አንድ ትልቅ ፋይል አድርጎ በሦስተኛ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ወደ አዲሱ ይዘረግፈዋል። እርምጃው ሁለት ስለሆነ ይረዝማል፤ ተጨማሪ ዲስክም ይጠይቃል። ለአንድ ላፕቶፕ አይመቸኝም። ለጋሼ ግን ሠራሁለት። አምስት አንድ ዓይነት ዴስክቶፖች አሉት። አንዱን ከነፎንቱ፣ ከነፕሪንተሩ አስተካክለን ኢሜጁን አወጣን። ሌሎቹ ላይ በየተራ ዘረገፍነው። አሁን አንዱ ቢበላሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመለሳል።

መብራት ቢሄድስ?

በእኛ ከተማ ሁኔታ ይሄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። እዚህ ላይ ክሎን ይቅር ባይ ነው። አሮጌው ዲስክ የሚነበብ ብቻ ስለሆነ ሥራው በግማሽ ቢቋረጥ አሮጌው እንዳለ አለ። አዲሱን ጠርጋችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። አዲስ ዲስክ ላይ ከባዶ መጫንም እንዲሁ ነው።

አደገኛው ያንኑ አሮጌ ዲስክ ፎርማት አድርጎ እዚያው ላይ መጫን ነው። ያኔ መመለሻ የለም። አሮጌው ዲስክ ላይ ሲን ማሳነስም ፓርቲሽን የሚባለውን የዲስክ ክፍል ማዛወርም መሃል ላይ ሲቋረጥ ፋይል ሊያጠፋ ይችላል። እነዚህን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዝ የባትሪ ሣጥን) ወይም ጤነኛ ባትሪ ሳይኖር አትጀምሩ።

ዊንዶውስ 10 ራሱ አርጅቷል

አንድ የማይመች ነገር ልንገራችሁ። ዊንዶውስ 10 የማይክሮሶፍት ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚዎች የተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበለው። የዘመዴ ላፕቶፕ 4ኛ ትውልድ ነው። ኤስኤስዲ ይሄንን አያስተካክለውም።

ስለዚህ ለባንክና ለኢንተርኔት ለሚውል ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት ከባዶ ይጫን እላለሁ። አማርኛ መጻፊያ አለው፣ ነጻ ነው፣ 4 ጊጋ ራም ላይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነት ጥሩ ይሄዳል። ፒችትሪና ፓወር ግዕዝ ለሚፈልግ ግን መፍትሔ አይደለም። ለእሱ ክሎን አድርጎ በዊንዶውሱ መቆየት፣ ያንን ኮምፒውተር ለሒሳብ ብቻ ማዋል፣ ፍላሽ ሁሉ እንዳይሰካበት መከልከል ነው። ዘመዴ ይሄንን መርጣለች። ቴሌግራሙ ወደ ስልኳ ሄደ።

ከተዛወረ በኋላ

ክሎኑ ሲያልቅ አሮጌውን አውጥታችሁ አዲሱን ብቻ አስነሱ። ሁለቱን አንድ ላይ ካስነሳችሁ መንታ መለያ ስለሚኖራቸው ዊንዶውሱ ይምታታበታል፤ በየትኛው ዲስክ እየሠራችሁ እንደሆነም አታውቁም። ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ የመነሻ ዲስኩን አላገኘሁም ካለ አትደንግጡ። ባዮስ ውስጥ፣ ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ፣ ገብታችሁ የሳታው አሠራር እንደቀድሞው መሆኑን እዩ። ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ ከተቀየረ የድሮ ዊንዶውስ አይነሳም። እንደነበረው መልሱት፣ ይነሳል።

የዘጌው ላፕቶፕ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ሃያ ስምንት ሰከንድ። ራሙንም ወደ 8 ጊጋ አሳደግነው። ፒችትሪው ተከፈተ፣ የመጨረሻው ደረሰኝ ቦታው ላይ ነው።

አሮጌውን ዲስክ ፖስታ ውስጥ ከትቼ ቀኑን ጻፍኩበትና ሰጠኋት። "ፊልም ልሙላበት?" አለች። ለአንድ ወር አይነካም አልኳት። የረሳነው ነገር ካለ የሚገኘው እዚያ ነው። ወሩ ሲሞላ፣ ለሰው ከመስጠቷ ወይም ከመሸጧ በፊት፣ በገመዱ ሰክታ "ክዊክ" የሚለውን ምልክት አንስታ ሙሉውን ፎርማት ታድርገው። ክዊኩ ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ ሙሉው ግን ፎርማት የሚደረገውን የዲስክ ክፍል ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። ለ500 ጊጋ ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ አስጀምራ ትተኛ።